«ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው!»

የቤት ኮምፒውተርዎ ለመነሳት ብቻ ደቂቃዎች ሲፈጅ፣ ልጆች የቤት ሥራ እየሠሩበት መሐል ላይ ድርቅ ሲል ምን ያደርጋሉ? ብዙዎቻችን ኢንተርኔት ገብተን «ኮምፒውተር የሚያጸዳ» ነጻ ሶፍትዌር እናወርዳለን። ሶፍትዌሩ ፍተሻ ይጀምራል፤ ወዲያው ስክሪኑ ቀይ በቀይ ይሆንና በመቶዎች የሚቆጠሩ «ችግሮች» ይደረድራል። «ሁሉንም አስተካክል» የሚለውን ሲጫኑ ደግሞ የክፍያ ገጽ ይመጣል።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ይህን አካሄድ በደንብ አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ማስፈራራት፣ ከዚያ መድኃኒቱን መሸጥ። ከተደረደሩት «ችግሮች» ብዙዎቹ ድረ ገጽ ስንጎበኝ የሚጠራቀሙ ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው፤ ማሽኑን የማዘግየት አቅማቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «ሬጅስትሪ ማጽዳት» የሚሉትንማ ጭራሽ አይሞክሩት። ሬጅስትሪ ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚመዘግብበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ላይ የማይነካው ከተነካ ኮምፒውተሩ አልነሳም ሊል ይችላል። ማይክሮሶፍት ራሱ እንዲህ ያሉ ማጽጃዎችን መጠቀም አይደግፍም።

የታወቀ ስም መያዙም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃከሮች ሲክሊነር በተባለው ዝነኛ ማጽጃ ውስጥ ጎጂ ኮድ ደብቀው፣ ከኩባንያው ከራሱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኗል። የባንክ ሒሳብዎን የሚከፍቱበት ኮምፒውተር ከሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ለማጽዳቱ ዊንዶውስ 10 እና 11 የራሳቸው መሣሪያ አላቸው፤ ያውም በነጻ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ስቶሬጅ ውስጥ ገብተው «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚለውን ይክፈቱ። እዚህ ላይ ግን ቆም ይበሉ! ከዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል አለ። እሱ ላይ ምልክት ካለ ያንሱት። ቴሌግራምን በኮምፒውተር የምንጠቀም ሰዎች የምናወርደው ፎቶ ሁሉ፣ እኛ ካልቀየርነው በቀር፣ የሚቀመጠው እዚያው ዳውንሎድስ ውስጥ ባለ ፎልደር ነው። የልጅዎ የምርቃት ፎቶም፣ ዘመድ ከውጭ የላከው የክርስትና ቪዲዮም ከቆሻሻው ጋር አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ሲነሳ ለሚንቀራፈፍ ኮምፒውተር ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለው ጋ ሲገቡ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ያገኛሉ። ጌሙ፣ ሙዚቃ ማጫወቻው፣ ቻቱ ከጠዋት ጀምሮ መነሳት የለባቸውም፤ «ዲሴብል» ያድርጓቸው። አንቲቫይረሱን ይተዉት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ከሌለ ችግሩ የጽዳት ላይሆን ይችላል። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ማስቀየር ከማንኛውም ማጽጃ ይበልጣል። አቧራ የደፈነው ማቀዝቀዣም ማሽኑን አሙቆ ያዘገየዋል፤ በእኛ ከተማ አቧራ ደግሞ ይህ ብርቅ አይደለም።

ጥገና ቤት ሲወስዱት «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» መባልዎ አይቀርም። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እሺ ከማለትዎ በፊት ግን ፎቶና ሰነዶችዎን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ገልብጠውም አይተዉት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ጥቂቶቹን ከፍተው ይዩ።