እንዝርቱን ከእማማ እጅ አትቀሙ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ እንዝርት ነው። «የጤና ገጽ ላይ እንዝርት ምን ይሠራል?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እናቶቻቸውን ለሕክምና ይዘው የሚመጡ ልጆች በኩራት የሚነግሩኝ ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ አሁን ምንም አይሠሩም፤ አሳርፈናቸዋል።» ከክፍለ ሀገር አምጥተው ኮንዶሚኒየም አስገብተዋቸዋል፤ ሠራተኛ ቀጥረዋል፤ ቴሌቪዥን ከፍተውላቸዋል። ባዘቶው «ቤት ያቆሽሻል» ተብሎ፣ እንዝርቱም «በዚህ ዕድሜዎ ምን ያደክምዎታል፣ ጋቢ እንደሆነ ሽሮ ሜዳ ሞልቷል» ተብሎ ቀርቷል።

ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው። እኔ ግን በእንዲህ ዓይነቱ ዕረፍት አልስማማም። ዕድሜ ልኩን እጁ ሥራ ፈትቶ የማያውቅን ሰው ድንገት ተመልካች ብቻ ማድረግ፣ «ከእንግዲህ አታስፈልግም» እንደማለት ነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ እናታችሁ መፍተል የሚወዱ ከሆነ ይፍተሉ፤ የሚፈትሉትም ከልጅ ልጃቸው ጋር ይሁን።

ለምን?

1. ለአያት ስለሚጠቅም

ፈትል ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንዱ እጅ እንዝርቱን ያሾራል፣ ሌላው ባዘቶውን ይስባል፣ ዓይን ደግሞ ክሩ እንዳይወፍርና እንዳይበጠስ ይጠብቃል። ጣት፣ ዓይንና አእምሮ ባንድ ላይ ይሠራሉ። ማስተማር ሲጨመርበት ሥራው ይከብዳል፤ እጅ በልማድ የሚያደርገውን በቃል ማስረዳት፣ ማስታወስና መታገሥ ይጠይቃል።

ትልቁ ጥቅም ግን ከሰው ጋር መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ብቸኝነት ይሰማዋል፤ ከብቸኝነት ጋር የተያያዘው ሞትም በዓመት ወደ 871 ሺህ ይገመታል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው ኮሚሽንም በ2024 እ.ኤ.አ. ለመርሳት በሽታ ያጋልጣሉ፣ ነገር ግን ልንቀንሳቸው እንችላለን ካላቸው 14 ምክንያቶች መካከል ከሰው መገለልን፣ የአካል እንቅስቃሴ ማነስን እንዲሁም ያልታከመ የማየትና የመስማት ችግርን ጠቅሷል።

ብቸኝነት ሰው በሞላበት ቤትም አለ። ቀኑን ሙሉ የሚጠይቃቸው ሰው «በሉ? ክኒንዎን ዋጡ?» ብቻ ከሆነ ብቸኛ ናቸው። «እማማ፣ ይሄ ክር ለምን ተበጠሰብኝ?» የሚል ልጅ ካለ ግን ያ ቤት አሁንም ይፈልጋቸዋል።

2. ለልጁም ስለሚጠቅም

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ ይመክራል። ልጆች ቁጭ በሚሉበት ሰዓት ደግሞ ከአሳዳጊያቸው ጋር ንባብና ተረት እንዲኖር ያበረታታል። ፈትል ባለበት ተረት አይጠፋም፤ እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል። ትንሹ ልጅ ባዘቶ ያቀብላል፣ ከፍ ያለው እንዝርት ማሾር ይሞክራል። ክሩ ይበጠስበታል፤ ይቀጥለዋል፤ እንደገና ይበጠሳል። በአንድ ጣት ነክቶ ሁሉን ነገር ወዲያው ለሚያገኝ ልጅ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

«ወንድ ልጅ ይፈትላል እንዴ?» ለምትሉ፦ የተፈተለውን ማግ ተቀብሎ ሸማ የሚያደርገው ሸማኔ ማን ሆነና!

በውጭ ሀገር ለምትኖሩ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አማርኛው የተሰባበረ ልጅና የሀገሩን ቋንቋ የማያውቁ አያት ሳሎን ውስጥ ተፋጥጠው ይውላሉ። ለመፍተል ብዙ ቋንቋ አያስፈልግም፤ «ያዝ፣ ሳብ፣ ቀስ በል» ይበቃል። ቀሪው አማርኛ ከዚያ ይመጣል።

3. በሽታን ቶሎ ስለሚያሳይ

ይህን እንደ ሐኪም አጥብቄ እነግራችኋለሁ። አብሯቸው የሚፈትል ሰው ለውጡን ከማንም በፊት ያያል። ክሩን ከዓይናቸው አርቀው ወይም አቅርበው መፈለግ ከጀመሩ ዓይናቸው ይታይ፤ በሀገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት የሆነው የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነው። እጃቸው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ለዓመታት የሠሩትን ቅደም ተከተል ከረሱ፣ ወይም የሚወዱትን ፈትል ያለ ምክንያት ከጠሉት «አርጅተው ነው» ብላችሁ አትለፉት። የነርቭ ችግር፣ የመርሳት በሽታ ወይም ድባቴ ሊሆን ይችላል። እንዝርቱን አስቀድማችሁ ከደበቃችሁት ግን ይህን ሁሉ በምን ታውቃላችሁ?

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብዙ እናቶች ሲፈትሉ የኖሩት ወድደው ሳይሆን ቸግሯቸው፣ ልጅ ለማስተማር ነው። ለእነሱ እንዝርት የድካም ማስታወሻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አታስገድዱ፤ ጠይቁ። ምናልባት የሚወዱት የስንደዶና የአክርማ ስፌት፣ ዳንቴል ወይም ጥልፍ ይሆናል። ምናልባትም ከልጅ ልጃቸው ጋር ሽሮ መቀመም ይሆናል። ዋናው እጃቸው የሚያውቀውንና ልባቸው የሚወደውን ነገር የሚረከባቸው ሰው ማግኘታቸው ነው።

ሲፈትሉ ደግሞ እነዚህን አትርሱ፦

👉 መደገፊያ ባለው ወንበር፣ በቂ ብርሃን ባለበት ይቀመጡ።

👉 በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተው ይንቀሳቀሱ። ፈትል የእግር ጉዞን፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒትንም አይተካም።

👉 አስም ያለበት ሰው ካለ ጥጡ የሚነደፈው ከቤት ውጪ ይሁን፤ ብናኙ ሳል ሊቀሰቅስ ይችላል።

👉 የእንዝርት ጫፍ፣ ወስፌና መርፌ ከሕፃናት ይራቅ። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናቶችም እጃቸው የወጋውን ላይሰማው ስለሚችል ጣታቸውን ይመልከቱ።

👉 አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ሌሊት የሚደነዝዙ ከሆነ፣ ወይም ጠዋት የእጅ መገጣጠሚያ አብጦ ለረጅም ሰዓት ካልተፍታታ ሐኪም ያያቸው።

👉 በድንገት አንዱ እጅ ዝሎ እንዝርቱ ከወደቀ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ይህ የስትሮክ ምልክት ነው። ነገ አትበሉ፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ቀልጣፋ ሴትን «እንደ እንዝርት ትሾራለች» ብለን የምናመሰግን ሰዎች እንዝርቱን ራሱን ከእናቶቻችን እጅ ለመቀማት ባንቸኩል እላለሁ። ለአንድ ጋቢ የሚሆን ማግ መፍተል ወራት ሊፈጅ ይችላል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ጋቢው ቶሎ እንዲያልቅ ሳይሆን እነዚያ ወራት እንዲኖሩ ነው፤ አያትና ልጅ በየቀኑ ጎን ለጎን የሚቀመጡባቸው ወራት።

በዚህ ሳምንት እናታችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «ለልጄ ምን ያስተምሩልኛል?» የመለሱላችሁንም አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። እናቱን «አሳረፍኩ» የሚል ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አጋሯቸው።

መልካም ጤና!