መነሣት ስላቃተው አሮጌ ኮምፒዩተር

በሲ.ኤም.ሲ. ሠፈር መብራት በድንገት ጠፍቶ ሲመለስ፥ ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒዩተር አልነሣም ቢል፥ ባለቤቱ ዲስኩን ደምስሶ እንደ አዲስ ለመጫን እንዳይቸኩል እንለምናለን፤ የልጆቹ ፎቶግራፍ ያለው በዚያው ነውና።

አስቀድሞ ሰዓቱን ይመልከት። ዘመኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ቢገኝ፥ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ ደክማለች ማለት ነው። መብራት ባለ ጊዜ ድካሟ አይታወቅም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንዲነሣ የታዘዘውን ይረሳል። ባትሪዋን ለውጦ ትእዛዙን ማደስ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ወጪውም ጥቂት ነው።

ሰዓቱ ደኅና ሆኖ «ግራብ ሬስኪዩ» የሚል ጽሑፍ ቢወጣ ግን፥ አስነሺው ፕሮግራም የሚፈልጋቸውን ፋይሎች አላገኘም። ያን ጊዜ ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ ገብቶ፥ አስቀድሞ ፎቶግራፉን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጥ፤ «ኤፍ.ኤስ.ሲ.ኬ.» በተባለው ፕሮግራም መርምሮ መጠገን ከዚያ በኋላ ነው፤ ይኸውም የሚጠገነው ዲስክ ከሥራ ከተላቀቀ ብቻ ነው።