«ሳትሞት ትታረድ» የሚባለውን እንተው

ዛሬ ምክር ብቻ ሳይሆን ክርክርም ይዤ መጥቻለሁ። አንዳንዶቻችሁ ትቆጡኝ ይሆናል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ገጠር ጤና ጣቢያ እሠራ በነበረበት ጊዜ አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የልጁ የቀኝ ዓይን ቆብ አብጦ ተዘግቷል። ቆቡ ላይ መሃሉ እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል አለ። ነካ አደረግሁት፤ ምንም አላመመውም። እናትየው «ሸረሪት ሸንታበት ነው» አለችኝ። «በቅርቡ የሞተ ወይም የታረደ ከብት ነበር?» ብዬ ስጠይቃት ዝም አለች። የመለሰልኝ ከኋላ የቆመው አባት ነው። የጎረቤት ላም ታማ፣ ሳትሞት ታርዳ፣ ቅርጫ ገብተዋል። ቆዳው ሲገፈፍ ልጁ እግር ይዞ ነበር።

አባ ሰንጋ ነበር። ልጁ በጊዜ ስለመጣ በመድኃኒት ዳነ። ከዚያች ላም ሥጋ የደረሳቸውን ቤቶች ከአባትየው ጋር አንድ በአንድ ስንቆጥር አስራ አራት ደረስን። ግማሾቹ በልተው ጨርሰዋል፤ የቀሩት ቋንጣ አድርገው ሰቅለውታል። ለአባትየው ትንሽ በቁጣ ተናገርኩት፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እሱ ግን ረጋ ብሎ «ዶክተር፣ ጎረቤት ላሙ ስትወድቅበት ዝም ብሎ ይታያል?» አለኝ።

የዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይለይልን። እኔ ቅርጫን አልቃወምም። ለበዓል ገንዘብ አዋጥቶ፣ ጤነኛ በሬ ከገበያ መርጦ፣ አርዶ፣ መድቦ፣ ዕጣ አውጥቶ መካፈል ያደግሁበት ነገር ነው። የምቃወመው ሌላውን ቅርጫ ነው። ከብቱ መብላት ካቆመ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከወደቀ በኋላ «ሳይሞት ይታረድ» ተብሎ በጥድፊያ የሚታረደውን። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታችን ነው ያሳሳተን። በበዓሉ ቅርጫ ሁሉም ከብቱን በቁሙ አይቶ ይገዛል፤ ሁሉም ባለቤት ነው። በሁለተኛው ግን ባለቤቱ አንድ ነው፤ ሌላው መደቡን ወስዶ ገንዘቡን ቀስ ብሎ ይከፍላል። ይህ የዱቤ ሽያጭ ነው። የሚሸጠውም ሉካንዳ ቤት ቢሰቅለው የሚያሳስር ሥጋ ነው።

ስለዚህ ነገር በጻፍኩ ቁጥር «ለገበያ አይደለም፣ እርስ በርሳችን ነው፣ ሕግ ምን አገባው?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ የሥጋ ሕግ የትም አገር ቢሆን መጀመሪያ የሚያየው ገንዘቡን ነው። በእኛ አገር የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 በእ.ኤ.አ. 1970 ሲወጣ ዋና ትኩረቱ ለገበያ የሚቀርብ ሥጋ ነበር። አሜሪካ ያላችሁ ተከታታዮቼ ደግሞ ከእርሻ ቦታ በግ ወይም በሬ በቁሙ ገዝታችሁ ስለምታርዱ ሕጉን ታውቁታላችሁ። በእ.ኤ.አ. 1906 የወጣው የፌዴራል የሥጋ ምርመራ ሕግ ሰው የራሱን ከብት ለራሱ፣ ለቤተሰቡ፣ ለሠራተኞቹና ለማይከፍል እንግዳ ሲያርድ ከምርመራ ነፃ ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ሥጋ የሚያዘጋጀው አራጅም «ለሽያጭ አይደለም» ብሎ ይጽፍበታል። አዳኝ የገደለውን አጋዘን ሥጋ መሸጥም በአብዛኛው ክልከላ ነው፤ ለጎረቤት መስጠት ግን ይቻላል።

እንግዲህ አስቡት። ከፍሎ የሚበላው ምርመራ ይጠብቀዋል፤ በነፃ የሚበላው እንግዳ ግን የሚጠብቀው የባለቤቱ ህሊና ብቻ ነው። ሕግ እያንዳንዱ ጓሮ መግባት ስለማይችል ይህን እረዳለሁ። ግን ነፃነቱ ለጤነኛ ከብት እንጂ ለታመመ አይደለም። እዚያው አሜሪካ ከምርመራ ነፃ የሆነው ሥጋ ራሱ የተበላሸ ወይም ለጤና ጎጂ ከሆነ ከሕግ አያመልጥም። በእኛም ከ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 267 ጀምሮ አሳሳቢ የከብት በሽታ የጠረጠረ ሰው እንዲያሳውቅ ተደንግጓል፤ የወንጀል ሕጋችንም የከብት በሽታ ማዛመትን በወንጀል ይቆጥራል። «እርስ በርሳችን ነው» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ያልቃል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። አባ ሰንጋ የያዘው ከብት ብዙ ጊዜ ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ይወድቃል። ሲሞት ሆዱ ቶሎ ይነፋል፣ ሬሳው እንደሌላው አይደርቅም፣ ከአፍንጫ፣ ከአፍና ከፊንጢጣ የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል። ይህ ሁሉ ምልክት ግን ላይታይ ይችላል፤ ቢላዋው ቀድሞ ከገባ ደግሞ የሚታይበት ጊዜም የለም። ትልቁ ጥፋት መክፈቱ ነው። ተህዋሲው ከተዘጋ ሬሳ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ዘር ይሠራል። ያ ዘር አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ይቆያል። የታረደበት ግቢ፣ ደሙ የፈሰሰበት ሣር፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ላም ይገድላል። «ደህና አድርገን ቀቀልነው» ለምትሉኝ፦ የቤት ድስት ይህን ዘር ለመግደል አይታመንም። ማድረቅ ጭራሽ አይነካውም፤ ስለዚህ ቋንጣው አዳነን አትበሉ። በቆዳ የሚገባው ካልታከመ እስከ 20 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል፤ በሆድ የሚገባው ከዚያ የከፋ ነው።

አባ ሰንጋ ባይሆንስ? ከብቱ ሊድን ይችላል ተብሎ ባለፈው ሳምንት ተወግቶ ይሆናል። የአንቲባዮቲክ መርፌ የተወጋ ከብት ሥጋው እስኪጠራ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ሳምንታት ይፈልጋል። ያንን ሥጋ ለልጅ ማብላት ያልታዘዘለትን መድኃኒት መስጠት ነው። ስለ ኮሶ ትል እንኳ ዛሬ ብዙ አልልም፤ እሱ ጤነኛ የሚመስል በሬም ውስጥ አለ፣ መርማሪም አንዳንዴ ያመልጠዋል። (እኔ ክትፎ በደንብ አብስሉልኝ ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።)

ገደል ገብቶ እግሩ የተሰበረ ጤነኛ በሬ ግን ሌላ ነው። የታመመ ሳይሆን የተጎዳ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ካየው፣ ሥጋውም በደንብ ከበሰለ፣ ጠብ የለኝም። ጥያቄው ሁልጊዜ «ለምን ወደቀ?» ነው። መልሱን ካላወቃችሁ ቢላዋ አታንሡ።

እና የአባትየው ጥያቄ? ጎረቤት ሲወድቅበት ዝም አይባልም። ግን ያን ጎረቤት የረዳው ሥጋው ሳይሆን ገንዘባችሁ ነው። ታዲያ ገንዘቡን ስጡት፣ ሥጋውን ተዉት። ላሟ 60,000 ብር ታወጣ ነበር እንበል። 60 አባላት ያሉት እድር አንድ አንድ ሺህ ብር ቢያዋጣ ሰውየው ከነሙሉ ዋጋው ይካሳል፤ በቅርጫው ዱቤ ይህን ያህል ለማግኘቱም እጠራጠራለሁ። ሰው ሲሞትብን ድንኳን የሚተክል እድር፣ ባለሙያ «ይቀበር» ላለው ከብት መዋጮ መደንገግ አያቅተውም።

መንግሥትንም ሳልነካ አላልፍም። ባለሙያ ተጠርቶ «ቅበሩት» ሲል ለባለቤቱ የሚተርፈው ጉድጓድ ብቻ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማን ይጠራዋል? ሉካንዳ ቤት ላይ ማኅተም መቆጣጠር ቀላል ነው፤ ገበሬው እንዳይደብቅ የሚያደርገው ግን ቅጣት ሳይሆን ካሳ ነው። የአባ ሰንጋ የከብት ክትባት እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። በየዓመቱ በሰዓቱ ቀበሌ ቢደርስ እኔም ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

ወላጆች፣ ከብት በድንገት ከሞተ ወይም ታሞ ከወደቀ ልጆችን ከአጠገቡ አርቁ። አትክፈቱት፣ ቆዳውን አትግፈፉ፣ ለውሻም አትስጡ፤ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። እሱ በሚመራችሁ መሠረት ሁለት ሜትር ገደማ ተቆፍሮ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ሥጋ ነክታችሁ ወይም በልታችሁ ከቀናት በኋላ የማያምና መሃሉ የሚጠቁር ቁስል፣ ወይም ትኩሳት ያለው የሆድ ሕመምና ደም ያለው ተቅማጥ ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉን አትቁረጡት፣ አታቃጥሉት። ስለ ሥጋውም አትደብቁን። አባ ሰንጋ ወዲያውኑ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ስለሆነ የምንጠይቃችሁ ሌሎቹ ቤቶች ቶሎ መድኃኒት እንዲያገኙ ነው።

የእድራችሁ ስብሰባ መቼ ነው? የመዋጮውን ነገር አንሡትና ምን እንዳሉ ከታች ጻፉልኝ። «አይሆንም» ካሉም ምክንያታቸውን መስማት እፈልጋለሁ።