ብሎኑ ከመግባቱ በፊት

እስራኤል፣ ሀዴራ ውስጥ አንድ ሰው «ሽታሊም (ሰው ሠራሽ ጥርስ) ላስተክል ነው» ካለ መጀመሪያ ዋጋው ይጠየቃል፤ ወዲያው ምክሩ ይከተላል። ካልሲየም ዋጥ፣ ኮላጅን ጠጣ፣ ማግኒዥየም አትርሳ፣ ኦሜጋ 3 ደግሞ ለሁሉም ነው። መካሪው ጎረቤት ነው፣ የሥራ ባልደረባ ነው፣ አንዳንዴም ሻጩ ራሱ። ለአብዛኛው ጎልማሳ ተከላው ከኪስ የሚከፈል ነውና በሺዎች የሚቆጠር ሸቅል ያወጣ ሰው ለእንክብል ጥቂት መቶ መጨመር አይከብደውም። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ እንክብል በፊት አንድ የደም ምርመራ ይቅደም ባይ ነኝ።

መንጋጋ ውስጥ የሚገባው ትንሽ የታይታኒየም ብሎን ነው። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ሕያው አጥንት ታይታኒየምን ሳይገፋ ተጣብቆበት እንደሚያድግ አስተውሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያው ታካሚ ተከለለት። ሙጫ የለውም። ሐኪሙ ቦርቡሮ ብሎኑን ካስገባ በኋላ ሥራው የታካሚው አጥንት ነው። በብሎኑ ዙሪያ ያለው አሮጌ አጥንት ቀስ እያለ ይበላል፣ በቦታው አዲስ ይሠራል። ለዚህ ነው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር የሚጠበቀው። አዲሱ አጥንት ካልሲየም ይፈልጋል፤ ካልሲየሙ ደግሞ ከአንጀት በደንብ ወደ ደም እንዲያልፍ ቪታሚን ዲ መኖር አለበት።

ቪታሚን ዲ ላይ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጣን የኛ ነገር ይለያል። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ከምድር ወገብም 12 ዲግሪ ብቻ ርቃ ነው ያለችው። ማሳ ላይ የሚውል፣ ከብት የሚጠብቅ፣ ውኃ የሚቀዳ ሰው ፀሐይ አይጎድልበትም ነበር። ሀዴራ 32 ዲግሪ ላይ፣ ባሕር ዳር ናት፤ በክረምት ጨረሩ ሰያፍ ስለሚመጣ ቆዳ የሚሠራው ቪታሚን ያንሳል። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ያንኑ መጠን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ቀኑን ፋብሪካ ውስጥ ወይም በጽዳት ሥራ ለሚያሳልፍ ሰው፣ ነጠላዋን ተከናንባ ቤት ለምትውል እናት፣ የሀዴራዋ ጊቫት ኦልጋ የባሕር ዳርቻ ፀሐይ ምን ያደርጋል? እ.ኤ.አ. በ1995 በእስራኤል የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከኢትዮጵያ በመጡ ሴቶች ላይ የቪታሚን ዲ እጥረት በሰፊው መኖሩን፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ደግሞ እንደሚብስ አሳይቷል። የዚያን ጊዜ ወላዶች ዛሬ አያቶች ናቸው፤ ጥርስ የሚያስተክሉበት ዕድሜም ይኸው ነው።

እጥረቱ ተከላውን ያበላሻል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት 885 ታካሚዎችን ተመልክቷል። ቪታሚናቸው በአንድ ሚሊሊትር ደም ከ30 ናኖግራም በላይ ከሆነው 2.9 በመቶ ላይ፣ በ10 እና በ30 መካከል ካሉት 4.4 በመቶ ላይ፣ ከ10 በታች ካሉት 11.1 በመቶ ላይ ተከላው ገና በጅምሩ ሳይዝ ቀርቷል። አስደንጋጭ ይመስላል። ግን ከ10 በታች የነበሩት 27 ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ አልጸናም። እኔ ከዚህ የምወስደው የጎደለው ይሞላ የሚለውን ነው፤ ሙሉ በሆነው ላይ መጨመር አጥንቱን ያፈጥናል የሚል ማስረጃ ግን አላየሁም። ቪታሚን ዲ ደግሞ ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ሲበዛ የደም ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ኩላሊት ይጎዳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4,000 ዩኒት ማለፍ አይገባም።

ኮላጅኑ ሆድ ውስጥ ተሰባብሮ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል፤ ቀጥ ብሎ መንጋጋ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ካልሲየም ከምግብ ቢገኝ እመርጣለሁ፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ሚሊግራም ያህል አለው፣ የሊጡ መቡካትም ማዕድኑ በተሻለ እንዲመጠጥ ይረዳል። (ነጭ ዱቄት የበዛበትን እንጀራ በዚህ ሒሳብ አታስገቡት።) የካልሲየም እንክብል ከታይሮይድ መድኃኒት ጋር አብሮ ከተዋጠ መድኃኒቱ በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። የነጭ ሽንኩርት እንክብል፣ ጊንኮ፣ ብዙ ቪታሚን ኢ ደግሞ አስፒሪን ወይም ደም የሚያቀጥነውን ኩማዲን ለሚወስድ ሰው መድማትን ሊያብሱ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ስለ ቪታሚን ስናወራ ሳናነሳው የሚቀረው ነው። ለአጥንት መሳሳት ፎሳላን የምትውጥ ወይም ፕሮሊያ የምትወጋ እናት፣ ስሙ የአጥንት መድኃኒት ስለሆነ ለጥርሱም ይጠቅማል ብላ ዝም ልትል ትችላለች። እነዚህ መድኃኒቶች አልፎ አልፎ ከጥርስ ቀዶ ሕክምና በኋላ የመንጋጋ አጥንት እንዲሞት ሊያደርጉ ይችላሉ። በራሷ ታቁማቸው ማለቴ አይደለም፤ ፕሮሊያን በድንገት ማቋረጥ ራሱ የአከርካሪ ስብራት ሊያመጣ ይችላል። ጥርስ ሐኪሙና መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ተነጋግረው ይወስኑ። ያልተቆጣጠሩት ስኳርና ሲጋራ ደግሞ የትኛውም ቪታሚን የማያካክሰው ጉዳት ያደርሳሉ። ከኢትዮጵያ በመጡ ወጣት ጎልማሶች ላይ ስኳር በሽታ መብዛቱ እኮ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በጥናት ተጽፏል።

ስለዚህ ቀጠሮው ከመድረሱ ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ በቁፓት ሆሊም (በጤና መድኅን ድርጅታችሁ) የቤተሰብ ሐኪማችሁን የቪታሚን ዲ እና የስኳር ምርመራ ጠይቁ፤ ዝቅ ያለው ቪታሚን ከፍ እስኪል ሳምንታት ይፈጃልና። ዕብራይስጥ የሚያስተረጉም ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነም፣ ልጁ እናቱ ጠዋት ጠዋት የምትውጠውን ሁሉ አያውቅምና የመድኃኒቱንም የቪታሚኑንም ካርቶን ሰብስባችሁ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።