የምርጫ ዘመቻ ገንዘብና የመናገር ነጻነት፦ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን አንድ ጣሪያ

የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ለፌዴራል ብሔራዊ ምክር ቤት የሚወዳደር ዕጩ ለምርጫ ዘመቻው የሚያወጣውን ገንዘብ በደንብ ገድባለች። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው ምርጫ ጣሪያው 2 ሚሊዮን ድርሃም ነበር። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ፈጽሞ የተከለከለ ሲሆን፣ ዕጩው የገንዘቡን ምንጭና ወጪውን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። መስጊዶች፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት ተቋማትም ለቅስቀሳ አይውሉም።

ምክር ቤቱ 40 አባላት ያሉት ሲሆን ግማሾቹ በምርጫ፣ ግማሾቹ በሹመት ይገባሉ። ዱባይ 4፣ ሻርጃ 3፣ አጅማን ደግሞ 2 ተመራጮችን ይልካሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ የመምረጥ መብት የተሰጣቸው ዜጎች ከ7 ሺህ ያነሱ ነበሩ። በ2019 ቁጥራቸው 337,738፣ በ2023 ደግሞ 398,879 ደርሷል።

የመራጩ ቁጥር እንዲህ ሲያድግ የገንዘብ ገደቡ ትርጉምም ይለወጣል። በ2019 የመራጮች መዝገብ ላይ ከዱባይ 60,772፣ ከሻርጃ 64,293፣ ከአጅማን ደግሞ 10,165 ዜጎች ሰፍረው ነበር። ጣሪያው ግን ለሁሉም አንድ ነው። እስከ ጣሪያው ድረስ ያወጣ ዕጩ በዱባይ ለአንድ መራጭ 33 ድርሃም ገደማ፣ በሻርጃ 31፣ በአጅማን ግን 197 ድርሃም ገደማ ሊመድብ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በዱባይና በሻርጃ የሚያጣብቀው ገደብ፣ በአጅማን የባለጸጋውን እጅ እምብዛም አይዝም።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ጉዳዩን ያዩት ከሌላ አቅጣጫ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1976 በሰጠው ውሳኔ ለዕጩ የሚሰጥ መዋጮ እንዲገደብ ፈቅዶ፣ ዕጩው ራሱ በሚያወጣው ወጪ ላይ የተጣለውን ገደብ ሽሯል። ምክንያቱም ሐሳብን ለብዙኃን ለማድረስ ገንዘብ ስለሚያስፈልግ፣ ወጪን መገደብ ንግግርን መገደብ ነው የሚል ነው። በ2010 ደግሞ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከዕጩዎች ተነጥለው ያለ ገደብ ገንዘብ እንዲያወጡ ፈቅዷል። ተቺዎች ውሳኔው ጥቂት ባለሀብቶች የብዙኃኑን ድምፅ እንዲውጡ በር ከፍቷል ይላሉ።

ሁለቱም ወገኖች ክብደት ያለው ነገር ይዘዋል። ገደብ በሌለበት ዘመቻ ድሃው ዕጩ አይሰማም። ገደቡ ከልክ በላይ ሲጠብቅም የሚጎዳው ስሙ ያልታወቀ አዲስ ዕጩ ነው፤ የታዋቂ ቤተሰብ ልጅ ራሱን ለማስተዋወቅ ብዙ ማስታወቂያ አያስፈልገውምና። ማኅበራዊ ሚዲያ ቅስቀሳን ቢያረክስም፣ የዘመድና የጎሳ ትስስር የሚሰጠውን ብልጫ አያስቀርም።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ የክርክሩን ሌላ ገጽታ ያሳያል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሰብአዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ዓላማው የውጭ ተጽዕኖን መግታት ነው ቢባልም፣ በተግባር በርካታ የመብት ተሟጋች ማኅበራትን አዳከመ። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሮ ገደቡ ተነሥቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ግን የፖለቲካ ፓርቲዎች ከውጭ ዜጎችና ድርጅቶች ገንዘብ እንዳይቀበሉ መከልከሉን ቀጥሏል።

ሁለቱ አዋጆች ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። ሥልጣን ለመያዝ የሚወዳደር አካል ገንዘቡን ከየት እንዳገኘ መጠየቁ ተገቢ ነው። ሥልጣን ሳይሻ ስለ ሕዝብ መብት የሚናገረውን አካል በገንዘቡ ምንጭ ሳቢያ ዝም ማሰኘት ግን ሕዝቡ ራሱ ሊሰማው የሚገባውን ያሳጣዋል።

በኤምሬቶች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕግ ለአገሪቱ ዜጎች ፓርቲን በገንዘብ የመደገፍ መብት ይሰጣል፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን እንደ ውጭ ዜጋ ይቆጠራል። በሌላ በኩል የኤምሬቶች ሕግ ፈቃድ ከተሰጣቸው አካላት በስተቀር ማንም ከሕዝብ መዋጮ እንዳይሰበስብ ይከለክላል፤ በስልክ መተግበሪያ የሚደረግ ማሰባሰብም ከዚህ አያመልጥም። በመሆኑም በአዲስ አበባ ሕጋዊ የሆነ መዋጮ በዱባይ ወይም በሻርጃ ሲሰበሰብ ሰብሳቢውን በሕግ ሊያስጠይቀው ይችላል።