ስለ ወንዶች የሽንት ሕመምና ስለ ጥቁር እንጨት ቅርፊት

ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ባለፈ በብዙ ወንዶች ዘንድ፥ ከፊኛ በታች የሚገኘው ፕሮስቴት የተባለው ዕጢ እየገዘፈ የሽንትን መንገድ ያጠብባል። ሌሊት ደጋግመው ይነሣሉ፤ ሽንታቸውም እየተቆራረጠ ይወርዳል። ነገሩ ነውር መስሏቸው ለሐኪም ከመንገር ይልቅ በዕፅ ብቻ የሚታመኑ አሉ።

ዕፅን መናቅ አይገባም። በደጋው ደናችን ከሚበቅለው ከጥቁር እንጨት ቅርፊት የሚወጣው መድኃኒት በአውሮፓ ለዚሁ ሕመም ሲሸጥ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. 18 ጥናቶችን የመረመሩ ሊቃውንትም ምልክቶቹን በመጠኑ እንደሚያቀል ገልጠዋል። ጥናቶቹ ግን አጫጭርና ትናንሽ ነበሩ። ሶ ፓልሜቶ የተባለው የአሜሪካ ዘንባባ ፍሬ ደግሞ፥ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ውጤቱ በታተመ ጥናት በ225 ወንዶች ላይ ለአንድ ዓመት ተፈትኖ ከባዶ ክኒን አልበለጠም።

ስለዚህ ዕፅ ምርመራን ሊተካ አይገባውም እንላለን። የፕሮስቴት ካንሰርም ይህንኑ ምልክት ይዞ ሊመጣ ይችላልና። ሽንት ጨርሶ የታገደበት ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ዛፉም ቢሆን ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተገፈፈ ይደርቃል፤ ከአገር ወደ አገር የሚደረገው ንግዱም እ.ኤ.አ. ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።

እናንተ መምህራን ሆይ፥ ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት እንደሌለው ለአባቶቻችን አስረዱልን።