ክፉ ቀን ላይ ማሰልጠኛው ይቅለል እንጂ አይክበድ

ዛሬ ስለ ጨጓራም ስለ ደም ግፊትም አላወራም። ርዕሱ ወጣ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን ታገሱኝና አንብቡት፣ ከጤና ርቄ አልሄድኩም።

ሰሞኑን አንድ የቴኳንዶ አሰልጣኝ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ከመካነ ሰላም አካባቢ ነው። «ዶክተር፣ ተማሪዎቼ ከ60 ወደ 15 ምናምን ወረዱ። የአዳራሽ ኪራይ አለብኝ፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ለሳምንታት አንሠራም። ልዝጋው ወይስ ጥርሴን ነክሼ ልቀጥል? የቀሩትን ልጆችስ ጊዜው ክፉ ስለሆነ ከበፊቱ ጠንከር አድርጌ ባሠራቸው አይሻልም?» ይላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የኪስ ጥያቄ ነው፤ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ግን በቀጥታ የኔ ሙያ ነው። መልሴም አጭር ነው፦ አይሻልም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው።

አካባቢውን ለማታውቁት፦ መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የወሎውን ቦረና ነው የምላችሁ፣ የደቡቡን እንዳይመስላችሁ። ከደሴ በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ብርድ አቋርጣችሁ ነው የምትደርሱት። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ እዚያ ነው። እዚያ አገር ሠርቻለሁ፤ ብርዱንም መንገዱንም አውቀዋለሁ። ወጣቱ ብዙ ነው፣ መዋያው ግን ጥቂት። ጆተኒ፣ ፑል ቤት፣ ጫት፣ ኳስ ሜዳ፤ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ያልቃል። ስለዚህ አንድ የቴኳንዶ ወይም የካራቴ ማሰልጠኛ ሲዘጋ የሚዘጋው ስፖርት ቤት ብቻ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ትልቅ ሰው የልጆቹን ስም እየጠራ «የት ጠፋህ?» የሚልበት ቦታ ነው የሚዘጋው።

ያለፉትን ዓመታት እናስታውሳቸው። መጋቢት 2012 ኮቪድ ገባ፣ ትምህርት ቤትና ስፖርት በአንድ ሰሞን ቆመ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ገባ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ጠፋ። በዚህ ሁሉ ላይ የኑሮ ውድነቱ አለ። የዛሬ የ12 ዓመት ልጅ እንግዲህ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ያየው ይህንን ነው። ይሄ ልጅ ነው ማታ 11 ሰዓት ላይ ቀበቶውን አስሮ ፊታችሁ የሚቆመው።

አሁን ወደ ሰውነቱ እንግባ። በስጋት የሚኖር ልጅ ሰውነቱ ሁሌም ለሩጫ እንደተዘጋጀ ነው። ልቡ ቶሎ ይመታል፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ ትንሽ ድምፅ ያስደነግጠዋል። የቤቱ ገቢ ሲቀንስ ምግቡም ይቀንሳል፤ ቁርስ ሳይበላ የሚውል ልጅ ስንቱ ነው። እንቅልፍና ምግብ የጎደለው ጡንቻ ከልምምድ በኋላ በደንብ አያገግምም፣ ለጉዳትም ቅርብ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማስለፋት ጠንካራ አያደርገውም። ያደክመዋል፣ ያሳምመዋል፣ ከዚያ ይቀራል። መጠነኛ እንቅስቃሴ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንቅልፍን ያስተካክላል፣ ጭንቀትን ያቀልላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሩጫውና ጨዋታው ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው እንጂ 60 ደቂቃ ርግጫ ማለት አይደለም!

እና የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ጊዜው ሲከፋ ማሰልጠኛው መቅለል አለበት። ሰዓቱ ይጠር፣ ምቱ ይቅለል፣ ክፍያው ይቅለል፣ ክብር የምንለውም ነገር ትንሽ ይቅለል።

የምታውቋቸው ትልልቅ ስሞችም እኮ የጀመሩት በቀላሉ ነው። የጁዶው ጂጎሮ ካኖ በ1882 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ኮዶካንን ሲከፍት የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ቦታው በአንድ ቤተ መቅደስ ግቢ ያለ ክፍል፣ ስፋቱ 12 ታታሚ። ታታሚ የምንለው የጃፓኖች ምንጣፍ ነው፤ 12ቱ ተደምሮ አንድ መካከለኛ ሳሎን ቢወጣው ነው። በመጀመሪያው ዓመት የነበሩት ተማሪዎች 9 ናቸው። የኛ አሰልጣኝ 15 አሉት!

የካራቴው ጊቺን ፉናኮሺ ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። በ1922 እ.ኤ.አ. ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ ሲሄድ ከ50 ዓመት በላይ ነበር፣ የተከበረ መምህር። እዚያ ግን በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ትንሽ ክፍል ውስጥ እየኖረ ግቢ ይጠርግ፣ በር ይጠብቅ ነበር። የማደሪያውን ምግብ አብሳይ ካራቴ እያስተማረ የምግብ ሂሳቡን ያስቀንስም ነበር። እኛ ጋ ቢሆን «ማስተሩ መጥረጊያ ይዞ ታየ» ተብሎ ወሬ ይሆናል። በኋላ የተሠራለት ሾቶካን የሚባለው ማሰልጠኛ በ1945 በአየር ድብደባ ወደመ፤ በ1949 ተማሪዎቹ የጃፓን ካራቴ ማኅበርን አቋቋሙ።

ጃፓን ራቀብን ካላችሁ፣ ዮርዳኖስ ውስጥ አዝራቅ የሚባል የሶሪያውያን የስደተኞች ካምፕ አለ። በረሃ ላይ የተሠራ ካምፕ ነው። ያህያ አልጎታኒ ቴኳንዶን የጀመረው እዚያ ነው፤ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ከስደተኞች ቡድን ሰንደቅ ዓላማ ያዦች አንዱ ሆኖ ገባ። የኛው ሰለሞን ቱፋስ? የካቲት 2012 ራባት ላይ የኦሊምፒክ ትኬቱን ቆረጠ፤ በወሩ ኮቪድ መጣና ኦሊምፒኩ በአንድ ዓመት ተራዘመ። ያንን ዓመት ጠብቆ ሐምሌ 2013 ቶኪዮ ላይ በ58 ኪሎ ተወዳደረ፤ በቴኳንዶ ኢትዮጵያን በኦሊምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ነው። ልብ በሉ፣ ሁሉም ልጅ ኦሊምፒክ ይገባል እያልኩ አይደለም። አይገባም። የተራዘመ ነገር ሁሉ የቀረ አይደለም ለማለት ነው።

ወደ ሥራዬ ልመለስ፤ የጭንቅላት ነገር ያስጨንቀኛል። ቴኳንዶ ውስጥ ጭንቅላትን መርገጥ ነጥብ ያስገኛል፣ ስለዚህ ሁሉም ይወደዋል። አንድ ልጅ ጭንቅላቱን ተመትቶ ግራ ከተጋባ፣ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ የሆነውን ካላስታወሰ ኮንከሽን ነው ብላችሁ አስቡ። ራሱን መሳት የግድ አይደለም። የዚያን ቀን ወደ ልምምድ አይመለስም፣ «ውሃ ጠጣና ግባ» አይባልም። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ረጋ ብሎ ያርፋል፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ይመለሳል፤ ፍልሚያ የመጨረሻው ደረጃ ነው፣ እሱም በባለሙያ ከታየ በኋላ። ደጋግሞ ካስታወከ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ራስ ምታቱ ከጨመረ፣ ካንቀጠቀጠው ወዲያው ጤና ተቋም ውሰዱት።

እዚህ ላይ የቦታው ነገር ይመጣል። መካነ ሰላም ላይ ሲቲ ስካን የሚያስፈልገው ልጅ ሲገጥመን ሪፈር የምንጽፈው ወደ ደሴ ነበር። 180 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ። ካልሆነስ? ስለዚህ አንድ ሕግ እንድታወጡ እለምናችኋለሁ፦ መንገድ በተዘጋ ሳምንት ጭንቅላት ላይ ርግጫ የለም። ፑምሴ ይሠራ፣ ርግጫ በፓድ ይሠራ፣ ሚዛንና መለጠጥ ይሠራ። ልጆቹ ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ። በበዓል ትርኢት ላይ ሸክላ በግንባር ማሰባበሩና ልጅ አስተኝቶ ሆዱ ላይ መራመዱ ደግሞ መንገድ ክፍትም ሆነ ዝግ ይቅር። ጣፊያ በአንድ እርግጫ ሊፈነዳ ይችላል፣ ደሙም ወደ ውስጥ ስለሚፈስ ከላይ አይታይም። (ኪሎ ለመቀነስ ላሲክስ ስለሚውጡት ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ለአሁኑ ተዉት ብቻ እላለሁ፤ በስፖርትም የተከለከለ መድኃኒት ነው።)

ዱላውስ? ይህንን ለመናገር ይከብዳል ግን ልናገር። አሰልጣኙ ላይ ጫና ሲበዛ ልጆቹ ላይ ዱላ ይበዛል። ኪራይ ያልከፈለ፣ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው አንድ ልጅ አርፍዶ ሲመጣ ጠጠር ላይ ያንበረክካል፤ «ዲሲፕሊን» ይለዋል። ያ ልጅ ግን ምናልባት ያረፈደው እናቱ «ተኩስ ይኖራል» ብላ ስላስቀረችው ነው። ለምን እንዳረፈደ ከቅጣቱ በፊት ጠይቁት።

የጾሙንም ነገር ላንሳ። ወሎ ነው፣ ማቱ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው የሚቆመው። እንደ 2017 ረመዳንና ሁዳዴ ሲገጣጠሙ ክፍሉ ባዶ ይሆናል፣ አሰልጣኙም «ሰነፉ» ይላል። አልሰነፉም። ውሃ ያልጠጣን ልጅ ከሰዓት በፀሐይ ማሯሯጥ ነው ጥፋቱ። በረመዳን ልምምዱን ከማፍጠሪያው በፊት ባለችው የመጨረሻ ሰዓት አድርጉት፣ ቀለል ያለ፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። ከዚያ ቤቱ ሄዶ ውሃውን ይጠጣል። ቀኑን የሚጾሙት ክርስቲያኖችም በዚያው ፕሮግራም ይግቡ፤ ማንም ለብቻው አይቅር። ማለዳ የምታሠሩ ደግሞ የደጋውን ብርድ አትናቁት፣ ማሟሟቂያው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሁን።

አንድ ሌላ ስስ ነገር አለ። በዚህ ጊዜ ወጣት ሰብስቦ ርግጫ የሚያስተምር ሰው በጥርጣሬ ሊታይ ይችላል። ከየትኛውም ወገን። መድኃኒቱ በር መክፈት ይመስለኛል። ወላጅ ገብቶ ይይ፣ አግዳሚ ወንበር ይኑረው። የልጆቹ ስምና ዕድሜ መዝገብ ላይ ይስፈር። የፖለቲካ ወሬ ማቱ ላይ አይወራ። ልጆቹን ለየትኛውም ጥበቃ ወይም ሥራ «አሰልጥንልን» የሚል ሲመጣ፣ የማሠራው ስፖርት ነው ብሎ በትሕትና መመለስ። ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ኪሱ ጥያቄ። ለአሰልጣኙ የመለስኩለት አዳራሹን እንዲለቅ ነው፣ ሰዓቱን ግን እንዳይለቅ። ትምህርት ቤት ግቢ፣ የወጣት ማዕከል፣ የሰው ጓሮ፣ የትም ቢሆን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በዚያችው ሰዓት። ለልጅ አእምሮ ከጣሪያው ይልቅ ሰዓቱ ነው የሚያረጋጋው፤ ነገ ምን እንደሚሆን በማያውቅበት ኑሮ ውስጥ አንድ የሚያውቀው ነገር ይኖረዋል። መክፈል ያልቻለ ልጅ ማት ይጥረግ፣ ታናናሾቹን ያስቆጥር፤ ፉናኮሺም ጠርጓል። የቀበቶ ፈተና ክፍያ የሌለው ልጅ ቀበቶው ይዘግይ እንጂ ልምምዱ አይቅርበት።

ተኩስ ባለበት ቀን ግን ማቆም ሽንፈት አይደለም። ከወላጆች ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፦ ትምህርት ቤት ባልተከፈተበት ቀን ልምምድ የለም፣ በቃ። ስልክ መደወል አያስፈልግም፤ ኔትወርክ ላይኖር ይችላላ። ልጁም «ማስተር ይቆጣኛል» ብሎ በአደገኛ መንገድ አይመጣም።

እናንተ አሰልጣኞችስ? «እኔ ጥቁር ቀበቶ ነኝ፣ አይከብደኝም» የምትሉትን ብዙ ሰምቻለሁ። ቀበቶ ከድብርት አይከላከልም። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ የምትወዱት ነገር ካስጠላችሁ፣ በትንሽ ነገር ከገነፈላችሁ፣ ጫቱና መጠጡ ከጨመረ፣ ኑና አናግሩን። ሕይወት የማያስፈልግ ከመሰላችሁ ደግሞ አንድ ቀን አታሳድሩት። ሌላ ሥራ ደርቦ መሥራትም ነውር የለውም፤ ካኖ ራሱ ኮዶካንን ያቆመው እያስተማረና ጽሑፍ እየተረጎመ ባገኘው ገንዘብ ነው። ከነባር ተማሪዎቻችሁ ሁለቱን ማሟሟቂያ እንዲያስጀምሩ አሠልጥኗቸው። እናንተ ታይፎይድ ይዟችሁ ስትተኙ ማሰልጠኛው አብሯችሁ መተኛት የለበትም።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወጪ ስትቀንሱ መጀመሪያ የምትቆርጡት የልጁን ስፖርት አይሁን። ብር ከሌለ ሄዳችሁ ለአሰልጣኙ ንገሩት፤ ልጁን ዝም ብላችሁ አታስቀሩት። እሱም የቀረው በገንዘብ ይሁን በጥላቻ ሳያውቅ ነው የሚከርመው።

የጭንቅላት ምት ምልክቶችንና በቦርሳ መያዝ ያለባቸውን ነገሮች (ጓንት፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ንጹሕ ውሃ፣ የጤና ተቋሙ ስልክ ቁጥር) በአንድ ገጽ አማርኛ አዘጋጅቻለሁ። የምታሰለጥኑ በውስጥ መስመር «ላክልኝ» በሉኝ፣ እልካለሁ። ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዳችሁ አሳትሙትና ልጆቹ ጫማ የሚያወልቁበት ግድግዳ ላይ ለጥፉት።